ኮሽ የማይለው ብልቃጥ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ጌታሁን ሦስት ነገር አስረከቡኝ፤ የመድኃኒት ክፍሉን ቁልፍ፣ የመቁጠሪያ ትሪ ከነማንኪያው፣ እና አንድ ባልዲ። ባልዲው ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ደጃፉን በቀን ሦስቴ ውኃ ትረጪያለሽ። አለዚያ መድኃኒቱም አንቺም አብራችሁ ትቀልጣላችሁ» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አራት ጊዜ ረጭቼ ነበር።

ቦታው መተማ ወረዳ ውስጥ፣ ለሱዳን ድንበር ቅርብ የሆነ ጤና ጣቢያ ነው። ስሙን አልጠራም፤ አብረውኝ የሠሩት ሲያነቡት ያውቁታል። ማዕረጌ ድራጊስት ነበር። በበረሃው ግን ነጭ ጋዋን የለበሰ ወንድ ሁሉ ዶክተር፣ ሴት ሁሉ ሲስተር ናት። «ሲስተር አይደለሁም፣ መድኃኒት አዳይ ነኝ» እያልኩ አንድ ዓመት ያህል ተከራከርኩ። «እሺ ሲስተር» ይሉኛል። በመጨረሻ ተውኩት።

መድኃኒት ማደል ከውጭ ለሚያየው መስኮት ላይ ተቀምጦ ዕቃ ማቀበል ይመስላል። ሥራው ግን ቆጠራ ነው። ፍሬዎቹን ትሪው ላይ ታፈስሻለሽ፣ በጠፍጣፋዋ ማንኪያ አምስት አምስቱን ወደ ጠርዙ ትገፊያለሽ፣ ቁጥሩን በቃልሽ ይዘሽ ብልቃጡ ውስጥ ትመልሻለሽ። እጅ አይነካም። እኔ ሰው እያናገርኩኝ፣ ልጅ እያለቀሰ፣ ጄኔሬተር እየጮኸ ቆጥሬ አንዲት ፍሬ አልስትም ነበር። በዚህ እኮራለሁ። ያሳፈረኝም ይኸው ኩራቴ ነው፤ አሁን የምጽፈውም ስለሱ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፉ ነበሩ። ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ ላለበት ሰው ከእኔ መስኮት የሚሰጠው የተቅማጥ ዱቄትና የሕመም ማስታገሻ ነበር። ከደጋው ለአረም የወረደ ጎልማሳ በመስከረም በቃሬዛ ሲወጣ አይቻለሁ። ስለዚህ ነጻው መድኃኒት፣ ሕዝቡ ዕድሜ ማራዘሚያ የሚለው፣ በካርቶን ታሽጎ የመጣ ቀን ካርቶኑን አቅፌ አለቀስኩ። አቶ ጌታሁን አይተው እንዳላዩ ሆነው ወጡ።

ለዚህ መድኃኒት ለብቻው መስኮት ተከፈተለት። ከሕንፃው ጫፍ፣ ወደ ገበያው መንገድ የሚያይ። አሠራሬ እንዲህ ነበር። አዲስ ብልቃጥ እከፍታለሁ፣ ከላይ የተወተፈውን ጥጥ በሁለት ጣቴ ስቤ ቅርጫት ውስጥ እጥላለሁ፣ ስልሳውን ፍሬ ቆጥሬ እመልሳለሁ፣ ወረቀት ለጥፌ «ጠዋትና ማታ» ብዬ እጽፍበታለሁ። ቀጠሮው በሃያ ስምንት ቀን ነው። በቀን ሁለት ከተዋጠ አራት ፍሬ ይተርፋል። ታካሚው ብልቃጡን ይዞ ሲመለስ አራት ካላገኘሁ ጉድ ፈላ ማለት ነው።

«ዘጠኝ? ለምንድን ነው ዘጠኝ የሆነው? አምስቱን ማን ይዋጥልሽ?» እላለሁ። ድምፄ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ዝቅ ብሎ አያውቅም። ክፋት አልነበረም፤ እንዳይሞቱብኝ ነው። ግን ጩኸቴ የገበያው መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር።

ከታካሚዎቼ ሁሉ የማልቆጣው ሙላውን ነበር። ሙላው ከከተማው ርቆ ባለ አንድ ትልቅ የሰሊጥ እርሻ ትራክተር ይነዳል። ዕድሜው ወደ አርባ ገደማ፣ ጨዋታ የሚያውቅ፣ ጥፍሩ ሥር ግራሶ የማይጠፋው ሰው ነው። በየወሩ መለዋወጫ ሊገዛ ብሎ ከካምፕ ይወጣና ብልቃጡን ያመጣል። ስቆጥረው አራት። በሚቀጥለው ወር አራት። «እንደ አያ ሙላው ሁኑ፤ አንድ ፍሬ አያዛንፍም» ብዬ በሰልፉ ፊት አመሰገንኩት። አንገቱን ደፋ። ዓይን አፋር ነው ብዬ አለፍኩት።

ያ ሁሉ አራት እየተቆጠረ ሙላው ግን ይከሳ ነበር። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በሚስማር በሳበት። ቀጥሎ አፉ ውስጥ ነጭ ነገር ወጣ፤ ከዚያ ወገቡን ዙሪያውን አልማዝ ባለጭራ ያዘው፤ ሸሚዝ ማስነካት አቃተው። የደም ምርመራው ከጎንደር ሲመጣ የመከላከያ አቅሙ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ከነበረው ብሶ ተገኘ።

አቶ ጌታሁን ጤና መኮንን ናቸው፤ ካርዱን ገልብጠው ገልብጠው አዩና፣ «ቆጠራው ልክ ነው። እንግዲህ መድኃኒቱ ከድቶታል» አሉ። ትርጉሙ ሁለተኛው መስመር መድኃኒት ይጀመርለት ማለት ነው። ያኔ ከሁለተኛው በኋላ የምንሰጠው አልነበረንም። ያም ከከዳው በቃ። ወደ ጎንደር የሚሄድበት የሪፈር ወረቀት ተጻፈለት።

ማክሰኞ ቀን ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ መስኮቴ መጣ። ከመሄዱ በፊት የወሩን ብልቃጥ ልቆጥርለት ተቀበልኩት። አራት። ልመልስለት እጄን ዘርግቼ ሳለ ብልቃጡን አየሁት። በስክሪብቶ የጻፍኩት «ጠዋትና ማታ» የዛሬ ይመስላል። የሌላ ሰው ብልቃጥ በወሩ ሲመለስ ጽሑፉን ላብ አጥፍቶታል፣ የወረቀቱ ጫፍ ተነስቷል፤ በርበሬ የምትሸጠዋ ብልቃጥማ ያስነጥሳል። የዚህ ሰውዬ እጅ የነካው ነገር ሁሉ ጥቁር ይሆናል። ብልቃጡ ላይ ግን አንድ የጣት ምልክት የለም።

«አያ ሙላው፣ ይህን ብልቃጥ ከወሰድከው ወዲህ ነክተኸዋል?» አልኩት።

ዘወር ብሎ ሰልፉን አየ። መስኮቱን ዘጋሁና በጓሮ በር አስገባሁት። ታካሚ መድኃኒት ክፍል ሳስገባ የመጀመሪያዬ ነው። ካርቶን ላይ ተቀመጠ።

«አራት ትያለሽ፤ አራት አመጣለሁ» አለ።

«የቀረውስ?»

«ሽንት ቤት።»

«ሁሉም?»

«ከተማ ያደርሁ ለታ እጄን ታጥቤ እውጣለሁ። ካምፕ ስወርድ በኪራይ ቤቴ ሳጥን ቆልፌበት ነው የምሄድ። ቀጠሮዬ ሲደርስ አራቱን አስቀርቼ ሌላውን እደፋዋለሁ።»

«ለምን አልነገርኸኝም?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ላንቺ? አንቺ ዘጠኝ ያመጣችዋን ሴትዮ ገበያው እስቲሰማ ነው የጮህሽባት። ከኋላዋ ነበርሁ። በኋላ ደግሞ አመሰገንሽኝ። ሰው ከተመሰገነ ወዲያ እውነት መናገር ይከብደዋል፣ ሲስተር።»

እንዲህ ያፈርኩበት ቀን በሥራ ዘመኔ የለም።

ካምፕ ይዞ ያልወረደበትን ምክንያትም ነገረኝ። «አሥራ ስምንት ሰው በአንድ ቆርቆሮ ቤት ነው የምናድር። ጸናጽል ይዤ እንዴት ልግባ?»

«የምን ጸናጽል?»

ብልቃጡን ከእጄ ወስዶ ነቀነቀው። ኮሽ ኮሽ ኮሽ። «ካምፕ ውስጥ ስሙ ይኸ ነው። ጓዝ ሲወርድ ኮሽ ካለ፣ እገሌ ጸናጽል ይዟል ይባላል። አለቀ። አምና ክረምት አንድ የጎጃም አራሚ መጣ። ጥቅልሉን ከመኪና ሲያወርድ ኮሽ አለ። አለቃችን ካቦው ‹ቅዳሴ ልትቀድስ ነው?› አለው፤ ሰዉ ሳቀ። በማግስቱ ሳህኑን ለዩበት። ከዚያ የውኃ ጣሳውን ለዩበት። በአራተኛው ቀን ጥቅልሉን ይዞ በእግሩ ሄደ፤ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም።» ብልቃጡን መልሶ ሰጠኝና፣ «እኔም ስቄያለሁ። ከሁሉም ጮክ ብዬ የሳቅሁት እኔ ነኝ፤ እንዳይጠረጥሩኝ» አለ።

ሪፈሩን ከእጁ ተቀብዬ ወደ አቶ ጌታሁን ቢሮ ሄድኩ። «መድኃኒቱ አልከዳውም። አልዋጠውም» አልኳቸው።

«በምን ማስረጃ?»

«በብልቃጡ ንጽሕና።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ነገሩን ሁሉ ስነግራቸው ወረቀቱን መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። «ሦስት ወር» አሉ። «በትክክል ይዋጥና ደሙ ይታይ። ካልተሻለው አንቺው ራስሽ ጎንደር ይዘሽው ትሄጃለሽ። ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ እርሻው ላይ ነው፤ ዘር ሊዘሩ ነው። ከተማ አስቀምጠሽ አታስውጪውም።»

እውነታቸውን ነው። ሙላው ቅዳሜ ወደ ካምፕ ይወርዳል። ዕለቱ ማክሰኞ ነው። ያ ብልቃጥ በአራት ቀን ውስጥ ዝም ካላለ ሰውየው ሊሞት ነው።

ምክር የጠየቅኋት ጥሩዬን ነው። ጥሩዬ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ እየሸጠች የኖረች፣ ቫይረሱ በደሟ እንዳለ በከተማው መጀመሪያ የተናገረች ሴት ናት፤ ያን ጊዜ ጤና ጣቢያው ሌሎቹን እንድታበረታታ ቀጥሯት ነበር። «ሰው ሁሉ በላስቲክ ቋጥሮ ነው የሚይዘው፣ አላየሽም?» አለችኝ። አይቻለሁ። በላስቲክ ታስሮ ጡት ሥር፣ ሱሪ ኪስ፣ ቀበቶ ውስጥ የከረመ ክኒን በበረሃው ላብ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ቀለሙን ለቆ ይመጣል። ያን የሚውጥ ሰው መድኃኒት ዋጥኩ ብሎ ኖራ ነው የሚውጠው። ከጤና ጣቢያው አጥር ጀርባ ባዶ ብልቃጥ ተጥሎ ሳገኝ ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ ኖሬ፣ ያን ዕለት ገባኝ። ከበር እንደወጡ ፍሬውን ላስቲክ ውስጥ ገልብጠው ጸናጽሉን አጥር ማዶ ይወረውሩታል።

ሐሙስ ዕለት አዲስ ካርቶን ከፈትኩ። የመጀመሪያውን ብልቃጥ ክዳኑን ፈታሁ፣ እሽጉን ቀደድኩ፣ ሁለት ጣቴን ሰድጄ ጥጡን ያዝኩ። እዚያ ላይ እጄ ቆመ። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩና ብልቃጡን በጆሮዬ አጠገብ ነቀነቅኩት። ዝም። ደግሜ ነቀነቅኩት። ዝም። ስልሳ ፍሬ ውስጡ አለ፤ ኮሽ የሚል የለም።

ፋብሪካው ዝም አሰኝቶ ነበር የላከልኝ። ጸናጽል ያደረግሁት እኔ ነኝ። ስንት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ በገዛ ሁለት ጣቴ። አለቀስኩ ብል ያምርብኝ ነበር፤ እውነቱ ግን ሳቅ ነው የያዘኝ። ጥሩዬ ምን ሆነች ብላ እየሮጠች መጣች። ነቅንቂው ብዬ ሰጠኋት። ነቀነቀችው። እሷም ሳቅ ያዛት።

ጥጥ ማውጣት የኔ ፈጠራ አልነበረም። ብልቃጡ አንዴ ከተከፈተ ጥጡ እርጥበት ስለሚስብ አውጥታችሁ ጣሉ ተብለን ነው የተማርነው፤ ትምህርቱም ትክክል ነው። ግን ለአንድ ወር የሚቆይ ደረቅ ጥጥ በብልቃጥ ውስጥ ይሻላል ወይስ ላብ የጠጣ ላስቲክ? ይህን ለመመለስ ዲግሪ አያስፈልግም። በየወሩ አዲስ ደረቅ ጥጥ እቀይራለሁ፤ እርጥበት የምትመጥጠዋን ትንሿን ከረጢትም እንዳለች እተዋታለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ዓርብ ጥሩዬ ሙላውን ጠርታ አመጣችው። ብልቃጡን ሰጠሁት። ነቀነቀው፤ ጆሮው ላይ አድርጎ ደግሞ ነቀነቀው። «ባዶ ነው እንዴ?» አለ። ከፍቼ አሳየሁት። ለረጅም ጊዜ ጥጡን ሲያይ ቆየና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጥሩዬ ትከሻውን ያዘችው።

ከዚያ እንደ ሥራ ባልደረቦች ቁጭ ብለን ሰዓት አወጣን። ትራክተር ነጂ ከሁሉ ቀድሞ ይነሳል፤ ሰው ሳይነቃ የሞተሩን ዘይት ይለካል። ማታም ሌላው እራት ሲጠብቅ እሱ ለትራክተሩ ግራሶ ይሰጣል። «እንግዲህ ትራክተሩ ዘይቱን ሲጠጣ አንተም ትውጣለህ» አለችው ጥሩዬ። ብልቃጡ ፀሐይ እንዳይመታው በእርጥብ ጆንያ ከተጠቀለለው የውኃ ጀሪካኑ አጠገብ በጨርቅ ይሆናል። ፍሬው ሲጎድል ጥጡን ወደ ታች ይወትፈዋል። ምንድን ነው ካሉት የጨጓራ ነው ይላል። ጨጓራ የማያመው ሹፌር በዚያ አገር የለም።

ሊወጣ ሲል፣ «አያ ሙላው፣ ዘጠኝም አምጣ፣ ሃያም አምጣ። አልጮህም። እውነቱን ብቻ አምጣልኝ» አልኩት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው ያልኩት፤ ጥሩዬ ያመመኝ መስሏት ነበር።

ሃያ ስምንት ቀን ጠበቅሁ። በሃያ ዘጠነኛው ቀን ሙላው ጭቃ እስከ ጉልበቱ ለብሶ መስኮቱ ላይ ቆመ። ብልቃጡን ሲያስቀምጠው መስኮቱ ላይ ጥቁር ክብ ተወ። ጽሑፌ ጠፍቷል። ክዳኑ ግራሶ ለብሷል፣ ሥሩ ናፍጣ ይሸታል። እንደዚያ የሚያምር ቆሻሻ አይቼ አላውቅም። ቆጠርኩት። ሰባት።

«ሦስቱን አሳልፌያለሁ» አለ ቶሎ ብሎ። «ትራክተሩ ጭቃ ውጦት ስናወጣ ነው፤ አንድ ቀን ተኩል ዘነጋሁት።»

«ሰባት» ብዬ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ። ከእነዚያ ሁሉ አራቶች በኋላ የመጀመሪያው እውነተኛ ቁጥር ነው። ደስታዬን የምደብቅበት አጥቼ ወደ መደርደሪያው ዞርኩ።

በሁለተኛው ወር አልማዝ ባለጭራው ጠባሳ ብቻ ትቶ ደረቀ። በሦስተኛው ወር ሚዛን ላይ ሲወጣ ነርሷ ሚዛኑ ተበላሽቷል ብላ ሁለት ጊዜ አስወጣችው። ሚስማር የበሳው የቀበቶው ቀዳዳ ሥራ ፈታ። የደም ውጤቱ ከጎንደር በመጣ ቀን አቶ ጌታሁን ወረቀቱን ይዘው ክፍሌ ድረስ መጡ። መሳቢያ ውስጥ የከረመውን ሪፈር ከኪሳቸው አውጥተው ፊቴ ለአራት ቀደዱት፣ ከቅርጫቱ ጨመሩትና ወጡ። በር ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ «ጥጡ ግን የቁስል ነው። ለብልቃጥ ብዬ የማዝዘው ጥጥ የለኝም» አሉ።

ያን ጊዜ ለሁሉም የዕድሜ ማራዘሚያ ታካሚዎች ጥጥ መስጠት ጀምሬ ነበር። ጥሩዬ ደግሞ ሌላ ነገር ይዛ መጣች። «እቴ፣ ይህ ነገር ዞሮ ጸናጽል ነው የሚሆነው። ነገ ጥጥ ያለበት ብልቃጥ የነዚያ ነው ማለታቸው አይቀርም» አለችኝ። እኔ ያላየሁትን አየችው። ስለዚህ ለሁሉም ሆነ። ለነፍሰ ጡር የደም ማነስ ክኒን ጥጥ፣ ለጨጓራው ጥጥ፣ ለቫይታሚኑ ጥጥ። በብልቃጥ የሚወጣ ነገር ሁሉ ከኔ ክፍል ዝም ብሎ ይወጣል። ጥጡም በሁለት ሳምንት አለቀ።

ጥጥ የሚያልቅበት አገር ግን አይደለም። ጥሩዬ ከታካሚዎቹ መካከል የጥጥ ለቀማ የሚውሉትን ሴቶች አነጋገረች። በሳምንቱ አንድ ጆንያ ሙሉ ጥጥ፣ ፍሬው ተፈልቅቆ፣ ተፈትቶ፣ እንደ ደመና ነጥቶ መድኃኒት ክፍሉ በር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አቶ ጌታሁን ጆንያውን ዞሩት። «ይህ ደግሞ በየትኛው ሞዴል ደረሰኝ ነው ገቢ የሚሆነው?» አሉ። «በስጦታ» አልኳቸው። «ከማን?» «ከሕዝብ።» ቀጥለው የጠየቁት የለም። ከቁስል ፋሻው ጋር በየሳምንቱ እየተቀቀለና እየደረቀ አገለገለን።

የቀረው መስኮቱ ነበር። ሰው ከገበያው መንገድ ሆኖ ማን እንደቆመበት ያያል፤ ስሙም «የነዚያ መስኮት» ነው። ዝጉልኝ ብዬ ስጠይቅ አቶ ጌታሁን መመሪያውን ጠቀሱ። «ለብቻ ይላል።» መመሪያውን አምጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋሁት። «መዝገቡ ለብቻ ይሁን ነው የሚለው። መስኮቱ ለብቻ የሚል ካለ ያሳዩኝ» አልኳቸው። ሁለት ጊዜ አገላበጡ። ሦስተኛ ሊያገላብጡ ጀመሩና ተዉት። «ለአንድ ወር እንሞክረው» አሉ። ከወሩ በኋላ መስኮቱ በብሎኬት ተደፈነ። ግንበኛው ሥራውን ሲጨርስ ጥሩዬ ሻይ ጋበዘችው።

ከዚያ በኋላ ወባ የያዘው፣ ሳል ያለበት፣ ዕድሜ ማራዘሚያ የሚወስደው በአንድ ሰልፍ ቆሙ። የጠፉ ሰዎች አንድ በአንድ ተመለሱ። ከገለጉ በኩል በእግርና በጭነት መኪና ሁለት ቀን መጥታ፣ «እዚህ መስኮት የለም አሉኝ፤ እውነት ነው?» ያለችኝን ሴት አልረሳትም። አብደራፊ እየኖረ የሚያውቀው እንዳይኖር ብሎ እኛ ጋ ይመላለስ የነበረ ሰው፣ እዚያም እንዲህ አድርጉ ብሎ ሊነግራቸው ጥጥ በኪሱ ይዞ ሄደ። መዝገቡ ላይ «ጠፋ» ብዬ በቀይ የምጽፍበት ስክሪብቶ ነበረኝ። ቀለሙ ሳያልቅ ሥራ ፈትቶ ደረቀ።

ዓመታት አለፉ። ስልሳው ፍሬ በቀን ሁለት የነበረው፣ ሠላሳ ፍሬ በቀን አንድ ሆነ። አቶ ጌታሁን ወደ ገንዳ ውኃ ተዛወሩ። የእኔም ማዕረግ ፋርማሲ ቴክኒሻን ተባለ፤ ሕዝቡ ግን በሲስተሩ ጸና። ሙላው የእርሻው ማሽኖች ኃላፊ ሆነ፣ አገባ፣ ሆድ አወጣ፣ የመኪና ድምፅ ሰምቶ የትኛው ብሎን እንደላላ የሚናገር ሽማግሌ መሰለ። ብልቃጡ ሁልጊዜ ግራሶ እንደነካው ይመጣል።

ሥራዬን ልለቅ ሁለት ወር ሲቀረኝ በአረም ሰሞን መጣ። ክፍሉ ሰው ሞልቷል። አዲሱን ብልቃጥ ቆጥሬ ጥጡን ልወትፍ ስል፣ «ተይው ሲስተር። ጸናጽሌን መልሽልኝ» አለኝ።

«ምነው?»

ድምፁን ዝቅ አላደረገም። «ዘንድሮ አንድ አራሚ መጣ፣ ከወሎ። ምግብ ሲቀርብ ውኃ ይዞ ወደ ጫካው ይሄዳል፣ አፉን ጠራርጎ ይመለሳል። አንዳንዴ ደግሞ ሰው ካየው ሳይውጥ ይመለሳል። አወቅሁት። እኔን እኮ ነው። በማግስቱ ቁርስ ላይ ሁሉም ዳሱ ሥር ተቀምጦ ሳለ ብልቃጤን አወጣሁ። ነቀነቅሁት። ለካስ ያንቺ ጥጥ አለበት፤ ማንም ዞር አላለም። ጥጡን በጣቴ አወጣሁትና እንደገና ነቀነቅሁት። ሰዉ ሁሉ ቀና አለ። ካቦው ‹ምንድን ነው አያ ሙላው?› አለኝ። ‹ዕድሜዬ ነው› አልሁትና ዋጥሁ።»

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞሯል። «እሺ፣ ከዚያስ?» አልኩ።

«ካቦው ያን የጎጃሙን ሰው ሳህን የለየው ነው። ሲያየኝ ቆየና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋው። አብረን በላን። የወሎው ልጅ ያን ዕለት እንዳቀረቀረ በላ። በሳልስቱ ጠዋት ግን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። አሁን ካምፓችን ጠዋት ጠዋት ሁለት ጸናጽል አለ።»

ጥጡን ትሪው ላይ ትቼ ክዳኑን ገጠምኩለት። ነቀነቅኩት፤ ኮሽ ኮሽ አለ። ሰጠሁት። እሱም በሰልፉ መካከል እያንኮሻኮሸ ወጣ። የሳቀበት አልነበረም። አንዲት አሮጊት ብቻ መንገድ ለቀቀችለትና፣ «ይማርህ ልጄ» አለችው።

ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይህን ነው። ፍሬውን ከመቁጠራችሁ በፊት ሰውየውን ብልቃጡን የት እንደሚያስቀምጠው ጠይቁት። ስትጠይቁትም ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ።